«ጃንሆይ ምን አሉሽ?»

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ዘመድ የለም። ለሠርግ ስንሰበሰብ፣ ለቅሶ ስንቀመጥ፣ ቡና ሲፈላ አንዱ ዞር ይልና «እስቲ ያኔ ጃንሆይ ምን አሉሽ?» ይለኛል። መልሴ አጭር ነው። አልሰማሁም። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ማንንም አስደስቶ አያውቅም።

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ ጃንሆይን በልጅነቱ በቅርብ ያየ ሰው ላላቸው ነው። እናት ትሁን አባት፣ አክስት ትሁን አያት። ንጉሡ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ትምህርት ቤት መጎብኘት ይወዱ ነበር። የትምህርት ሚኒስትርነቱንም ሥራ ለረጅም ዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘው ቆይተዋል። ያኔ አበባ የሰጡ፣ የዘመሩ፣ ሽልማት የተቀበሉ ልጆች ዛሬ ትንሹ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ወሬውን አሁን ካልያዛችሁት ትርፉ በኋላ «ወይኔ!» ማለት ነው። እኔ የራሴንና የቤተሰቤን ለመጻፍ ስቀመጥ ምን እንደጠቀመኝ ልንገራችሁ። አስቀድሜ ግን የራሴን ላውራ፤ ያለዚያ ምክሩ አይገባም።

ያደግሁት ደብረ ዘይት ነው፤ የዛሬው ቢሾፍቱ። ጃንሆይ እዚያ ፌርፊልድ የሚባል ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ስሙ በስደት ዘመናቸው እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ከኖሩበት ቤት የመጣ ነው። ስለዚህ ለኛ ከተማ ልጅ የጃንሆይ መኪና ብርቅ አልነበረም። አጀቡ ከሩቅ ሲታይ የያዝነውን ጥለን እንሮጣለን። ሳንቲም ለቅመን የምንመለስበት ቀን አለ፤ አቧራ ብቻ ቅመን የምንመለስበትም አለ። አዋቂዎቹ ደግሞ የአቤቱታ ወረቀት ከፍ አድርገው መንገድ ዳር ይቆማሉ። ደፋሩ መኪናው ፊት ይደፋል።

በመኪና መስኮት ማየትና ፊት ለፊት መቆም ግን ለየቅል ነው። በ1962 ጃንሆይ ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኙ ነው ተባለ። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አበባ እንድሰጥ የተመረጥኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ዩኒፎርሜ አዲስ ስለነበር ነው።

ከጉብኝቱ ይልቅ ልምምዱ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ዲሬክተራችን የትምህርት ቤቱን ዘበኛ በጃንሆይ ቦታ አቆሙት። ዘበኛው የድሮ ወታደር ነው። ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና አገጩን ቀና አድርጎ ይቆማል። አበባው ገና አልመጣም፤ በአበባ ፋንታ የሰሌዳ ዳስተር ይዤ እሄዳለሁ። እጅ እነሳለሁ። ዳስተሩን አቀብላለሁ። ከዚያ ፊቴን ሳላዞር ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ ለንጉሥ ጀርባ አይሰጥማ። ሰውዬው እየቆየ ሥራውን ወደደው። «ልጄ፣ እጅ ስትነሺ ትንሽ ዝቅ በይ እንጂ» ማለት ጀመረ። ዲሬክተሩ «አንተ ዝም ብለህ ቁም!» ሲሉት ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ዳስተሩ ግን ካፖርቱን ኖራ በኖራ አድርጎት ነበር።

በዕለቱ አያቴ ጸጉሬን ለጋ ቅቤ ቀባችኝ። ተሰልፈን ብዙ ቆምን። ፀሐይዋ ከረር ስትል ቅቤው በጆሮዬ ሥር መውረድ ጀመረ፤ እጄ ደግሞ አበባ ይዟል፤ መጥረግ አልችልም።

እንግዲህ ያየሁት ይህ ነው። ጫማ አየሁ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ትንሽ ጫማ። ከበላዩ የሱሪና የካባ ጫፍ። እጅ አየሁ፤ ቀጠን ያለ፣ ደም ሥሩ የወጣ። ያ እጅ አበባውን ተቀበለኝ፤ ወዲያው ሌላ እጅ ከኋላ መጥቶ ወሰደው። ቀና ብዬ ፊታቸውን አላየሁም፤ አትዪ ተብያለሁ። አንድ ነገር ተናገሩ። ድምፃቸው ዝግ ያለ እንደነበር በቅርብ የሰሟቸው ሁሉ ይናገራሉ። ከኋላዬ ደግሞ ልጆቹ እየዘመሩ ነው። አልሰማሁም። ዝም ብዬ ጎንበስ አልኩ። እጄ ላይ አንድ ብር ተደረገልኝ፤ ማን እንዳደረገው እንኳን አላየሁም። ወደ ኋላ ስመለስ በኖራ የተቀባው የአትክልት መደብ ድንጋይ ተረከዜን ነካኝ። አንዲት አስተማሪ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። በቃ፣ አለቀ።

ቤት ስደርስ አያቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«ጃንሆይ ምን አሉሽ?»

«አልሰማሁም፣ እምዬ።»

«እንዴት አትሰሚም! ጆሮሽን ምን ነካው?»

ማታ ጎረቤት ሲሰበሰብ ንግግሩ ተገኘ። ጃንሆይ በትምህርቴ እንድበረታ መክረውኛል። ሳምንቱ ሳያልቅ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠይቀው፣ ሟቹ አያቴን ከማይጨው ዘመቻ ያስታወሱት ሆኖ ተገኘ። ፋሲካ ሲደርስ ውጭ አገር ልከው ሊያስተምሩኝ ቃል ገብተዋል! እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። አልተቃወምኩም፤ ደስ ይላላ።

ምክሬ የሚነሳው ከዚህ ነው። በእንዲህ ዓይነት ወሬ ውስጥ ቶሎ የሚያድገው ንግግሩ ነው። «ምን አሉህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። የፈራ ልጅ ቃል አይዝም፤ ጫማ ነው የሚይዘው። ጥያቄው ሲደጋገምበት ግን ሰው ባዶ እጁን መመለስ ያፍራል። ስለዚህ ይሞላዋል። ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ ጠያቂውን ላለማሳፈር ነው። አንዴ ከሞላው ደግሞ ራሱም ያምነዋል።

ይልቅ ምን ለብሰህ ነበር በሉት። ማን አጠበህ? የት ቆማችሁ ጠበቃችሁ? ከጎንህ ማን ነበር? መሬቱ አፈር ነው ወይስ ሣር ተጎዝጉዞበታል? የቱ እጅህ ላይ ነበር የያዝከው? እነዚህ ተራ ጥያቄዎች ናቸው፤ ግን በሩን የሚከፍቱት እነሱ ናቸው።

የአጎቴ ልጅ ከጃንሆይ እጅ የትምህርት ሽልማት ተቀብሏል። ስለዚያ ቀን ሲያወራ እንደ ጋዜጣ ነው። «ግርማዊነታቸው ለትምህርት መስፋፋት የነበራቸው ፍቅር...» እያለ ይቀጥላል። እንቅልፌ መጣ። ዝም ብዬ «ምን ጫማ አድርገህ ነበር?» አልኩት። ቆም አለና ሳቀ። ጫማው የታላቅ ወንድሙ ነበር። ሰፍቶት ጫፉ ላይ ወረቀት ጠቅጥቀውለታል። ከወንበሩ ተነስቶ ሽልማቱን ተቀብሎ እስኪመለስ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጃንሆይ ፊት ጫማው እንዳይወልቅ። ጣቶቹን እንዴት አጥፎ ጫማውን ይዞ እንደተራመደ ተነስቶ አሳየኝ። ትልቅ ሰው፣ ሳሎን መሐል፣ በነጠላ ጫማ! ልጆቹ ይህን ታሪክ ሰምተውት አያውቁም ነበር። ሌላውን ግን በቃላቸው ይሉታል።

ስትቀዱ በስልክ ቅዱ፤ ስልኩን ግን ፊታቸው ላይ አትደግኑ። ጠረጴዛ ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። ሲሳሳቱ አታርሙ። የአጎቴ ልጅ «ጃንሆይ ረጅም ሰው ነበሩ» ብሎኛል። አጭር እንደነበሩ ፎቶው ሁሉ ይመሰክራል። አልተከራከርኩትም። ልጅ ሆኖ ያያቸው እንደዚያ ነው፤ እሱም ይጻፍ።

ወደ ወረቀት ስትገለብጡት ግን መለየት አለ። እኔ ሦስት ምልክት ነው የተጠቀምኩት። ባለቤቱ በዓይኑ ያየው ከሆነ «አየሁ»፣ ከሌላ የመጣ ከሆነ «ሰማሁ»፣ መሐል ላይ ያለው «ይመስለኛል»። በየዓረፍተ ነገሩ ጎን በእርሳስ ታደርጉታላችሁ። የኔው ታሪክ ላይ ስሞክረው «አየሁ» የሚለው ግማሽ ገጽ እንኳን አልሞላም። የአያቴ ድርሰት ሁሉ «ሰማሁ» ውስጥ ገባ። አልጣልኩትም። አያቴ ምን ትመኝልኝ እንደነበር ከዚያ የተሻለ የሚናገር ወረቀት የለኝም።

እህቴና እኔ እስካሁን የምንጨቃጨቅበት ነገር አለ። ሉሉ። የጃንሆይን ትንሿን ውሻ ስሟን ያልሰማ የዚያ ዘመን ሰው ይኖር ይሆን? እህቴ ሰልፉ ውስጥ ነበረች፤ ሉሉ ከመኪናው ወርዳ በእግራቸው መሐል ስትሄድ አየሁ ትላለች። እኔ እግራቸውን ከማንም በላይ በቅርብ አይቻለሁ፤ ውሻ የለም። እሷ ደግሞ «አንቺ በፍርሃት ደንዝዘሽ ነበር» ትለኛለች። ሁለታችንንም ጻፍኩ፤ የእሷን በእሷ ስም፣ የኔን በኔ።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው ዘመኑ ነው። ሽማግሌ ዓመተ ምሕረት አይዝም። «ያኔ በጃንሆይ ጊዜ» ይላችኋል፤ ጃንሆይ የነገሡት ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1923፣ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። መሐሉ የትየለሌ ነው። ስለዚህ ክፍሉን ጠይቁ፤ ስንተኛ ክፍል ነበርክ፣ አስተማሪህ ማን ነበር፣ ሕንዳዊ ነው ወይስ ፒስ ኮር ከሚባሉት አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች አንዱ? የፒስ ኮር ልጆች ማስተማር የጀመሩት በ1955 ነው፤ እነሱ ካሉበት ታሪኩ ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ሁሉ የሚያስታውሰውን ነገር አንሱ። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ከመምጣቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እሷ የመጣችው በ1957 ነው። የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ከተሰበሰቡበት ከ1955 ግንቦት በፊት ነው? የጃንሆይ የሰማንያ ዓመት ልደት ሲከበር ትምህርት ጨርሰህ ነበር? እሱ ሐምሌ 16 ቀን 1964 ነው።

የኔን ዓመት ያገኘሁት በወንድሜ ነው። ያን ዓመት ገናን በሐዘን ነው ያሳለፈው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሪ የነበረው ጥላሁን ግዛው የተገደለው በታኅሣሥ 1962 ነበር። አበባውን የሰጠሁት ከዚያ በኋላ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከፈረንጅ ወረቀት ቀን ስትወስዱ ተጠንቀቁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከያዙ በኋላ ስምንት። በዚህ ያልተደናገረ የለም። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው በፈረንጆቹ መስከረም 10 ቀን 1960 ነው። ብዙ ሰው 1953 ይለዋል። በኛ አቆጣጠር ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። በአንድ ሌሊት አንድ ዓመት ይሳሳታል።

ወረቀት ፍለጋ የሚወጣ ካለ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ የድሮ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ጥራዞች አሉ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ሌላው ቦታ ነው። ቀኑን በግምት እንኳን ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለዚያ አቧራ ስትጠርጉ ትውላላችሁ። ከጋዜጣው ብዙ አትጠብቁ። የጉብኝት ዜና ረጅም ነው፤ ግማሹን ግን የንጉሡና የባለሥልጣናቱ ማዕረግ ይበላዋል። አበባ የሰጠች ልጅ ብትጠቀስ «አንዲት ሕፃን» ተብላ ነው። ቀኑንና ቦታውን ካገኛችሁ ይበቃል።

ስድስት ኪሎ ከሄዳችሁ አይቀር ሽማግሌውን ይዛችሁ ሂዱ። ሕንፃው ገነተ ልዑል ነው፤ ጃንሆይ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ቤተ መንግሥታቸው። መኝታ ቤታቸው እዚያው ሙዚየም ውስጥ ይታያል። እህቴን ወስጃት አልጋውን ስታይ «እንዴ! ይቺው ናት?» አለች። ከዚያ እስከ ታክሲው ድረስ አፏ አልተገጠመም። ቤት ቁጭ ብላ ስጠይቃት ያላወጣችውን እዚያ ደረጃ ላይ አወጣችው።

ፎቶ የሌለው ቤት ብዙ ነው። በኛ ቤት ነበረ። የከተማው ፎቶ ቤት ሰውዬ አንስቶኛል፤ ሳሎን ተሰቅሎ ነበር። በ1967 ወረደና ሣጥን ገባ። በኋላ ቤት ለቤት አሰሳ የሚባል ነገር ሲመጣ እናቴ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ ያኔ ብዙ ሰው ያደረገው ነው። ስለዚህ ፎቶ የለም ማለት ነገሩ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ሽማግሌውን በዚህ አታፋጥጡት። አንድ መንገድ ግን አለ። የፒስ ኮር አስተማሪዎች ካሜራ ነበራቸው። አንዳንዶቹ የድሮ ፎቶዎቻቸውን ኢንተርኔት ላይ አውጥተዋል። በከተማውና በዓመቱ ፈልጉ። የኔ ፎቶ አልተገኘም፤ የትምህርት ቤታችን በር ግን ከነቀለሙ ተገኝቷል። ለኔ ይህም ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ወንድሜ። የዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ «መሬት ላራሹ» ካሉት ወገን። አያቴ ያቺን አንድ ብር አውጥታ ስታሳየው ፊቱን አዞረ። እሷ በረከት ነው የያዘችው፤ እሱ ጓደኛውን ቀብሮ መምጣቱ ነው። ምሳ ሳይበላ ወጣ። ቀጥሎ የወሎ ረሃብ መጣ፤ ከዚያ የካቲት 66፤ ከዚያ ንጉሡን በቮልስ ወሰዷቸው። ወንድሜ ልክ ነበርኩ አለ። የአብዮቱን ዓመታት ካየ በኋላ ደግሞ እሱም ዝም አለ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 የጃንሆይ አጽም ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲያርፍ እናቴን ይዞ የሄደው እሱ ነው። ለምን እንደሄደ አልጠየቅሁትም፤ በኋላ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጬ ስጠይቀው «እናቴ ብቻዋን እንዳትሄድ» አለ። ይህንንም እንዳለ ጻፍኩት።

ይህን የማነሳው ብዙ ሰው የልጅነቱን ትዝታ ከዛሬ ፖለቲካው ጋር ለማስታረቅ ስለሚጨነቅ ነው። ጃንሆይን የሚወድ ልጁን በደስታ ያስለቅሰዋል፤ የማይወድ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊውዳሊዝምን ስትታዘብ ያሳየናል። ሁለቱም አይመስልም። በደርግ ጊዜ ወላጅ ያጡ ልጆች ያድጉበት በነበረው ሕፃናት አምባ ያደገ ወዳጅ አለኝ። ስለ ጓድ መንግሥቱ ስጠይቀው መጀመሪያ የነገረኝ ስለ ቡትስ ጫማ ነው። የፖለቲካውን ፍርድ በሌላ ገጽ ጻፉት፤ ከፈለጋችሁ ረዥም ገጽ ይሁን። ልጁ ያየውን ግን አትንኩበት።

ቅርስ የተረፈው ካለ ደግሞ አያያዙን ልንገራችሁ። ያቺ አንድ ብር በአያቴ ዳዊት ውስጥ ነበረች። በ1969 ደርግ ኖቱን ሲቀይር አባቴ «ሄደሽ ቀይሪው፣ አለበለዚያ ወረቀት ሆኖ ይቀራል» አላት። «ወረቀት ይሁን» አለችው። እሷ ካለፈች በኋላ ወደኔ መጣች። መታጠፊያዋ ላይ ሳስታለች። ድሮ አንድ ዘመድ አስቦልኝ ፕላስተር ለጥፎባት ነበር፤ ፕላስተሩ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን በላው። እንዲህ ዓይነት ወረቀትና ፎቶ ላይ ፕላስተርም ማስቲሽም አታድርጉ። ከፀሐይ ይራቅ፤ ኩሽና አጠገብ አይቀመጥ። በንጹሕ ነጭ ወረቀት መሐል አድርጋችሁ በጠንካራ ካርቶን ያዙት። በስልክ ሁለቱንም ገጽ አንሱና ለሦስት አራት ዘመድ ላኩ፤ አንዱ ስልክ ቢጠፋ ሌላው ጋ ይገኛል። ከጀርባው በእስኪርቢቶ አትጻፉ፤ ስምና ዓመቱን በሌላ ወረቀት በእርሳስ ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡ። ላሚኔት ደግሞ በጭራሽ። የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ በአምስት ደቂቃ ላሚኔት አስደርጌልሽ ልምጣ» ብሎ ይዟት ሊወጣ ሲል በር ላይ ደርሼ ነው የቀማሁት።